ክኒኑ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው
ስለሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒትና ስለ አወሳሰዱ

(በመድኃኒት ቤት የምትሠራ አባላችን በዘነበወርቅ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)

 

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ጭርትና ስለ ቆረቆር፣ በተለይም ለእነዚህ በሽታዎች ስለሚታዘዘው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ርእሱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ "በጭርት የሞተ የለም" የሚል አይጠፋም። ቤታችን ሲገባ ግን ትንሽ አይደለም። ራሱ ላይ ቆረቆር የወጣበትን ልጅ ጓደኞቹ ይሸሹታል፤ ኮፍያ ካላደረግሁ ብሎ ያለቅሳል። እናቱ ቅባት ትገዛለች፤ ቅባቱ አይሠራም። ሌላ ትገዛለች። በስንት ልፋት ትክክለኛው ክኒን ሲታዘዝ ደግሞ ማሳከኩ እንደቀረ በ2 ሳምንት ይቋረጣል። ከ2 ወር በኋላ ቁስሉ ይመለሳል፤ "መድኃኒቱም አልሠራ" ይባላል።

በመድኃኒት ቤት መስኮት ቆሜ ይህን ታሪክ ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። ስለዚህ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ፦ የፈንገስ ክኒን ቀስ ብሎ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ለማን እንደታዘዘ ታውቆ፣ በመጠኑ፣ እስከ ቀኑ ድረስ ከተዋጠ ያድናል። ያለ ቦታው ከተዋጠ ግን ይጎዳል።

ቅባት ለምን አልበቃም?

ጭርት፣ ቆረቆርና ቋቁቻ ስማቸው ቢለያይም ሁሉም የሚመጡት ፈንገስ ከሚባሉ ተሕዋስያን ነው። ፈንገስ የሻጋታ ዘመድ ነው። እንጀራ መሶብ ውስጥ ሲቆይ የሚያወጣውን ሻጋታ ታውቁታላችሁ፤ እርጥበትና ሙቀት ባገኘ ቁጥር ይስፋፋል። ቆዳችን ላይ የሚወጣውም ጠባዩ ያው ነው።

ሰውነት ላይ የወጣ ትንሽ ጭርት ብዙ ጊዜ በፈንገስ ቅባት ይድናል፤ ክኒን አያስፈልገውም። ራስ ላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በአገራችን የልጆችን ራስ በብዛት የሚይዘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባል ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ ጸጉሩን በስቶ ውስጡ ይገባል፤ ወደ ሥሩም ይወርዳል። ጸጉሩ ከቆዳው እኩል ሆኖ ይሰበራል። መላጣ በሆነው ቦታ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የምናየው ለዚህ ነው። ላይ ላዩን የተቀባ ቅባት እዚያ ድረስ አይወርድም። ጋዝ መቀባት፣ በነጭ ሽንኩርት ማሸት፣ በምላጭ መፋቅ ደግሞ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ፈንገሱን አያጠፋውም። ስለዚህ የራስ ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት መታከም አለበት። ሐኪም የፈንገስ ሻምፖ ቢጨምርበት በሽታው ወደ ሌሎች ልጆች እንዳይዛመት ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያድንም።

እሾህን በእሾህ

ለልጆች ቆረቆር በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲታዘዝ የኖረው ክኒን ግሪሶፉልቪን ይባላል። የተገኘውም ከራሱ ከሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊየም ግሪሶፉልቩም ከሚባል ሻጋታ ለይተው አወጡት። ሰዎች በአፍ እየወሰዱት መታከም የጀመሩት ግን በ1958 ነው። ከዚያ በፊት በብዙ አገሮች የልጆችን ጸጉር ለማርገፍ ራሳቸው ላይ ኤክስሬይ ይደረግ ነበር፤ ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ የጭንቅላት ዕጢና ካንሰር ወጣባቸው። ዛሬ በክኒን መታከም መቻላችን ትልቅ ነገር ነው።

ክኒኑ ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ቆዳና ወደ ጸጉር ሥር ይሄዳል። እዚያም አዲስ በሚበቅለው ጸጉር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ግሪሶፉልቪን ፈንገሱን ወዲያው አይገድለውም፤ እንዳይራባ ያግደዋል። አዲሱ ጸጉር ተጠብቆ ከታች ሲበቅል፣ አሮጌው የታመመው ጸጉር ወደ ላይ እየተገፋ ይወጣና ይቆረጣል። ጸጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን አስቡ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ማሳከኩ ሲቀር ፈንገሱ አሁንም አሮጌው ጸጉር ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ብናቋርጥ እንደገና ወደ አዲሱ ጸጉር ይገባል። አበው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ያሉት ለዚህም ይሠራል።

የጥፍር ፈንገስ ደግሞ የባሰ ትዕግሥት ይጠይቃል። ልብስ የምታጥቡ፣ ሊጥ የምታቦኩ፣ እጃችሁ ከውኃ የማይወጣ እኅቶች ጥፍራችሁ ሲወፍርና ሲሻክር ታዩ ይሆናል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ተርቢናፊን የሚባል ክኒን ነው፤ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት ያህል ይወሰዳል። ክኒኑ አልቆም ጥፍሩ ተለውጦ እስኪያድግ ወራት ይወስዳል። የጥፍር መበላሸት ሁሉ ከፈንገስ አይደለምና፣ ክኒን ከመጀመሩ በፊት ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት።

ለአንዱ የታዘዘ ለሌላው አይሆንም

ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ልጆች አብረው ሲታመሙ፣ ለአንዱ የታዘዘውን ክኒን ለሁሉም ማካፈል የተለመደ ነው። ችግሩ ይገባኛል፤ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የልጅ መጠን የሚሰላው በክብደቱ ነው። የግሪሶፉልቪን መጠን ብዙ ጊዜ ለ1 ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ማለት 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን ከ150 እስከ 300 ሚሊ ግራም፣ 30 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ ከ300 እስከ 600 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። በዚያ መካከል ስንቱ እንደሚሰጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ክኒኑም 125፣ 250 ወይም 500 ሚሊ ግራም እየሆነ ይመጣል፤ "አንድ ክኒን" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለአንድ ልጅ የታዘዘውን ለሦስት ስንከፍለው ሦስቱም ሳይድኑ ይቀራሉ፤ ገንዘቡም ይባክናል። ሁሉንም ልጆች ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ይመዘኑ፤ ለእያንዳንዳቸው ይጻፍላቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሁሉም የፈንገስ ክኒን ሁሉንም ፈንገስ አያድንም። ግሪሶፉልቪን ለቆረቆር ጥሩ ነው፤ ለቋቁቻ ግን አይሠራም፤ ለማሕፀን በር አካባቢ ማሳከክና እንደ እርጎ ለሚወርድ ነጭ ፈሳሽም አይሠራም። ለቋቁቻ የሚዋጥ ተርቢናፊንም አይጠቅምም። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ወስዳ "አልሠራልኝም" የምትል እኅት፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ ለሌላ በሽታ የሆነውን ነው የዋጠችው።

ከምግብ ጋር፣ በጾምም ጊዜ

ግሪሶፉልቪን ብቻውን በውኃ ከተዋጠ አብዛኛው በአንጀት አልፎ ይሄዳል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ግን በደንብ ወደ ደም ይገባል። ለልጅ ወተት፣ እንቁላል ወይም ቅቤ ያለበት ፍርፍር አብልቶ ወዲያው መስጠት ጥሩ ነው።

"ጾም ላይስ?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። የጾም ምግባችን ቅባት የለውም ያለው ማነው? ዘይት የገባበት ሽሮ፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ የኑግ ልጥልጥ ሁሉ ቅባት ያላቸው ናቸው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ውሰዱት። በረመዳን የምትጾሙ እኅቶች ደግሞ ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር ማድረግ ትችላላችሁ። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘላችሁ ከሆነ ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ አስተካክሉት እንጂ አንዱን አትዝለሉ።

ሴቶች በተለይ ልናውቀው የሚገባ

ይህን ክፍል በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግሪሶፉልቪን መውሰድ የለባትም፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱን የምትወስድ ሴትም በዚያ ጊዜና ካቆመች በኋላ ቢያንስ ለ1 ወር ማርገዝ የለባትም። ወንዶችንም ይመለከታል፤ ባል ሲወስድ ከቆየ፣ ካቆመ በኋላ ለ6 ወር ያህል ልጅ እንዳይወልድ ይመከራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ግሪሶፉልቪን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያዳክማል። አንዲት እኅት በየቀኑ ሳትረሳ የወሊድ መከላከያዋን እየዋጠች፣ ይህንን መድኃኒት ጎን ለጎን ከወሰደች ልታረግዝ ትችላለች፤ ያ ደግሞ ማርገዝ በማይገባት ጊዜ ነው። ስለዚህ ማዘዣ ሲጻፍላችሁ "የወሊድ መከላከያ እጠቀማለሁ" ብላችሁ ተናገሩ። ክንዳችሁ ላይ የተቀበረ ያላችሁም ተናገሩ። በዚያ ጊዜ ኮንዶም መጨመር ወይም ሌላ መድኃኒት መምረጥ ይቻላል። ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም።

ለነጭ ፈሳሽና ለማሳከክ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል ነው፤ 150 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን እሱንም በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ በብልት ውስጥ የሚደረግ ሌላ መድኃኒት አለ። ችግሩ ደጋግሞ የሚመለስ ከሆነም በየጊዜው ክኒን ከመግዛት መመርመር ይሻላል። የስኳር በሽታ እንደዚህ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ

ለባለሙያው የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው የሚወስዱት ፌኖባርቢታል የግሪሶፉልቪንን ኃይል ይቀንሳል። ለሳንባ ነቀርሳና ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ እንደ ፍሉኮናዞል፣ ኢትራኮናዞልና ተርቢናፊን ያሉትን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣቸዋል። ፍሉኮናዞል ግሊበንክላማይድ ከሚባለው የስኳር ክኒን ጋር ከተወሰደ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስዱና የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያላችሁም ሳትናገሩ አትጀምሩ።

ግሪሶፉልቪን የሚወስድ አዋቂ ሰው ጠላም ሆነ ጠጅ ወይም አረቄ ባይጠጣ ይሻለዋል፤ ፊትን ያቀላል፣ ልብን ያስመታል። ቆዳም በፀሐይ ቶሎ ሊቃጠል ስለሚችል ጥላና ነጠላ አይለያችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ እየቆየ ይቀላል።

መጠበቅ የማይገባቸው ምልክቶች ግን አሉ። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁር፣ ምግብ ሲያስጠላና በቀኝ በኩል ከጎድን በታች ሲያም፣ ጉበት እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። "የወፍ በሽታ ነው" ብሎ ሌላ ነገር መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ። ሰውነት ላይ ሽፍታ ወጥቶ ውኃ ሲቋጥር፣ አፍ ሲቆስል፣ ከንፈርና ፊት ሲያብጥም እንዲሁ። ጉበቱ የታመመ ሰው መጀመሪያውኑ ለሐኪም መናገር አለበት።

ኬቶኮናዞልን ለብቻው ላንሳው። ሻምፖውና ቅባቱ ችግር የለባቸውም። የሚዋጠው ክኒን ግን በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ከገበያ እንዲወጣ ተመክሯል፤ በአሜሪካም ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይሰጥ ተወስኗል። ያለ ማዘዣ "ይህ ይሻልሻል" ተብሎ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ጭርት የሚመስል ነገር

አንዳንድ ቅባቶች ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለባቸው፤ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ጭርት ላይ ሲቀቡ ማሳከኩና መቅላቱ በ2 ቀን ስለሚጠፋ "ተአምር ነው" ይባላል። ከሥር ግን ፈንገሱ የቆዳውን መከላከያ ተዳክሞ አግኝቶ ይስፋፋል። ቅባቱ ሲቆም በሽታው ሰፍቶና መልኩን ቀይሮ ይወጣል፤ ሐኪምም ለመለየት ይቸገራል። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ላይ የፊት ማቅያ ቅባት አትቀቡ።

ለእኛ ሰፈር ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። ጭርት ያሳክካል፤ ጠርዙ ከፍ ይላል፤ ይቀረፋል። የማያሳክክ፣ ከሌላው ቆዳ ፈዘዝ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ግን የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና በጭርት መድኃኒት አታቆዩት። በጥጥ ጫፍ ነክታችሁ "ይሰማሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልተሰማው በአለርትም ሆነ በቅርብ ጤና ጣቢያ ይታይ። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረም እጅና እግር ሳይጎዳ ይድናል።

ይህ ሰፈር የሚያውቀው ትምህርት

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተቋቋመውም እዚሁ ነው። ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕክምና ዳፕሶን የሚባል አንድ ክኒን ብቻ ነበር፤ የሚወሰደውም ለዓመታት ነበር። ሲያንስና ሲቋረጥ ተሕዋሱ መድኃኒቱን እየለመደው ሄደ። በ1970ዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ የተደረጉ ጥናቶች ዳፕሶን የማይበግረው የሥጋ ደዌ በአገራችን መኖሩን አሳዩ። በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን አንድ ላይ እንዲሰጡ መከሩ። መድኃኒቱ የ28 ቀን ሆኖ ታሽጎ ይመጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወር ይወሰዳል። ከመካከላችን ያን ሕክምና ቀን ቆጥረው የጨረሱ እናቶች አሉ። "ደህና ሆኛለሁና ላቁም" ቢሉ ኖሮ ምን ይደርስባቸው እንደነበር ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ፈንገስም መድኃኒትን ይለምዳል። ሕንድ አገር ተርቢናፊን የማይበግረው ጭርት ወጥቶ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል፤ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ቅባቶች ያለ ልክ መሸጣቸውም ነገሩን እንዳባባሰው ባለሙያዎች ይናገራሉ። እኛ ዘንድ እንዳይደርስ የምናደርገው በየቤታችን ነው።

ስለዚህ ከእናንተ ጋር ልስማማባቸው የምፈልጋቸውን ልናገርና ላብቃ። ልጇ ክኒን የጀመረች እናት የጀመረችበትንና የምትጨርስበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ታክብብ፤ ስንገናኝም "ስንተኛ ሳምንት ደረሰ?" እንባባል። አንዷ የመድኃኒት ገንዘብ ካጠራት አራተኛው ሳምንት ላይ ከማቋረጧ በፊት ለቡድኗ ትንገር፤ ቁጠባችን ለእንዲህ ያለው ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ደጋፊዎቻችንም በዚህ በኩል ብትረዱን፣ አንድ ልጅ እስኪድን የሚበቃውን ሙሉ መድኃኒት መግዛት ለሦስት ልጆች ግማሽ ግማሽ ከመግዛት እንደሚሻል አስቡልን። ማበጠሪያ፣ ሻሽ፣ ኮፍያና ትራስ በየግል ይሁን። ጸጉር ቤት ስትሄዱ ማሽኑ መጽዳቱን ጠይቁ። በአንድ ቤት አንድ ልጅ ከታመመ የሌሎቹም ራስ ይታይ።

መድኃኒት ስትገዙም ስሙን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን አስነብቡ። ማንበብ የማትችሉ እናቶች፣ እኛ መስኮቱ ጋ ያለነው ሥራችን ይኸው ነውና "ድገሚልኝ" ለማለት አትፈሩ። ሦስት ጊዜ ብትጠይቁኝ ሦስት ጊዜ እነግራችኋለሁ።